የባለሚዛኑ ስሕተት

ባለሚዛኑ ወደ ሕፃናቱ ቤት በገቡ በማግሥቱ ሥራ የጀመሩት ሰው በማሳፈር ነው።

ጠዋት ነበር። ሞግዚቷ አንዱን ሕፃን ከሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሣች። ባለሚዛኑ በሩ አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር። «አንድ ጊዜ ቆዪ፣ ልጄ» አሏት። ወደ ክፍላቸው ሄዱና ገና ካልተፈታው ሻንጣቸው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። ካልሲው ሲገለጥ ልኩ አንድ ኪሎ የሆነ የናስ የሚዛን ድንጋይ ነው። ሕፃኑን አስነሥተው ድንጋዩን በቦታው አስቀመጡት። መርፌው አንድ ኪሎን አልፎ፣ ሁለት መቶ ግራም ያህል ተጉዞ ቆመ።

«ልጆቹ አልወፈሩም» አሉ ባለሚዛኑ። «የወፈረው ሚዛኑ ነው።»

የቤቱ ምግብ አብሳይ ታናሽ እህታቸው ናት። ይህን ከማድ ቤት ሆና ሰማችና ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ኧረ ጉድ ነው! ሰው ለእህቱ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ሽቶ ይዞ ይመጣል፤ የኔ ወንድም ድንጋይ ተሸክሞ አገር ያቋርጣል!»

«ልብስሽማ እዚያው ሻንጣ ውስጥ አለ።»

«ከድንጋዩ ሥር ነዋ፣ ተጨማዶ!»

ባለሚዛኑ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖሩት የሰው ሚዛን ሲፈትሹ ነው። ሥጋ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ ወርቅ ቤት። ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ምላሱ ማር ይሆናል፤ እሳቸው ግን ወንበር ቢቀርብላቸው አይቀመጡም፣ ሻይ ቢቀርብላቸው አይቀምሱም። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ ዕቃው ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ይፈተሻል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባለቤታቸው አረፉ። ልጆቻቸውም በየፊናቸው ትዳር ይዘው ነበርና ባለሚዛኑ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ያልተስተካከለ ነገር ሁሉ ያስጨንቃቸው ጀመር፤ የግድግዳው ሰዓት፣ የጎረቤቱ አጥር፣ የዳቦው መጠን።

እህታቸው በሰው አገር፣ ወላጅ በሌላቸው ሕፃናት ቤት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ዓመት ምግብ አብስላለች። አንድ ቀን ደወለችና «ጋሼ፣ እዚያ ጥላህን ስትመዝን ከምትውል ናና ልጆቹን አግዝ» አለቻቸው። «እዚህ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ሦስት ወር ብቻ። ካልተስማማህ ማንም አስሮ አይዝህም።» የአገሩን ቋንቋ ባለሚዛኑ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ተምረውት ነበር፤ ዛገ እንጂ አልጠፋቸውም። እሺ አሉ።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይ መኝታ፤ ታች ማድ ቤት፣ የኃላፊዋ ቢሮና ወለሉ ሳንቃ የሆነ ሰፊ መጫወቻ ክፍል። ልጆቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ከስድስት ዓመት በታች። ጫማ ማሰር የባለሚዛኑ ድርሻ ሆነ። መራመድ ያልጀመሩት አምስቱ ሲቀነሱ ሠላሳ ስድስት ጫማ። አንዱን አስረው ሌላውን ሲይዙ የመጀመሪያው ማሰሪያውን ፈትቶ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ላይ ተናደዱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተገለጠላቸው። ልጆቹ የሚፈቱት ጫማው ጠቧቸው አይደለም፤ ማሰሪያው እስኪታሰር ድረስ አንድ ትልቅ ሰው ለእነሱ ብቻ ስለሚያጎነብስ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሚዛኑ ሠላሳ ስድስቱን ጫማ ሰባ ሁለት ብለው ቆጠሩት፤ ጠዋትም ሩብ ሰዓት ቀድመው ይነሡ ጀመር።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እህታቸው «ድንቢጥ» ብላ ሰይማታለች፣ እንደዚያች ትንሽ ወፍ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላለቻት፤ ቤቱም ሁሉ ተከትሏት ድንቢጥ ይላታል። ድንቢጥ አትናገርም። ስትጠራ አትመጣም። «ተዪ» ስትባል አትተውም። ሞግዚቷ እጅ ሰጥታለች።

«እሷማ ጆሮ ዳባ ልበስ ናት» አለቻቸው ለባለሚዛኑ። «ደስ ሲላት ትሰማለች፣ ደስ ካላላት ግንብ ናት። ትናንት በሩን ስዘጋው ዘወር ብላ አየችኝ። ድንቢጥ ብዬ ስጠራት ግን ጀርባዋን ሰጠችኝ። ንቀት ነው!»

«በአራት ዓመቷ ንቀት ከየት ትማራለች?» አሉ ባለሚዛኑ።

«እኔም እሱን ነው የምለው!»

ድንቢጥ የምትወደው አንድ ነገር ነበራት፤ የልብስ መቆንጠጫ። ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር ካለው ቅርጫት እፍኝ ሙሉ ታነሣና መጫወቻ ክፍል ገብታ በሁለት ሳንቃዎች መጋጠሚያ ላይ ትደረድረዋለች። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፤ የተሰበረውን ለብቻ። ባለሚዛኑ አንድ ቀን አንዱን ሰማያዊ ሰርቀው ከቀዮቹ መሐል ሸጎጡት። ድንቢጥ መጣች፤ አየች፤ መቆንጠጫውን አንሥታ በሁለት ጣቷ ወደ እሳቸው ዘረጋችና «የማን ሥራ ነው ይሄ?» በሚል ዓይን አየቻቸው። ባለሚዛኑ በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራቸው ብዙ ነጋዴ እንዲህ ባለ ዓይን አይተዋል። በእንዲህ ያለ ዓይን ሲታዩ ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ኃላፊዋ ወደ ቢሮዋ ጠራቻቸው። ኃላፊዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠረጴዛ ላይ የምትፈልግ፣ ጥድፊያ የማይለቃት፣ ልበ ደግ ሴት ናት።

«ሐኪሙ የሚመጣው በሦስት ወር አንዴ ነው» አለች። «ሃያ ሦስት ልጅ በግማሽ ቀን ያያል። የሚተማመነው በምንሞላለት ቅጽ ነው። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ሁለት ሳምንት ይቆያሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ አልቅሰው ይሄዳሉ። እርስዎ ግን ዓይንዎ ያያል። ቅጹን እርስዎ ይሙሉልኝ።»

ባለሚዛኑ ደስ አላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያላቸው ቀን አልነበረም።

ቅጹ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው። ሦስተኛው «ድምፅ ይሰማል ወይ?» ይላል። ከሥሩም በትንንሽ ፊደል፣ መልሱ አይሰማም ከሆነ ልጁ ወደ ጆሮ ሐኪም ይመራል፤ ይሰማል ከሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል ተብሏል። ባለሚዛኑ ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መፈተኛ አበጁ። ልጁ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። እሳቸው በስተኋላው ሦስት እርምጃ ርቀው የትልቁን ድስት ክዳን ይጥላሉ። ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ፋታ፣ እንዳይለመድ። ዘወር ያለ ይሰማል።

ድንቢጥ ሦስት ጊዜ ዘወር አለች። ሦስት ከሦስት።

«ትሰማለች» ብለው ጻፉ። ቀጥለው ትናገራለች? አትናገርም። ስትታዘዝ ትፈጽማለች? አትፈጽምም። ስሟን ታውቃለች? አይመስልም። ሁሉንም ያዩትን ነው የጻፉት። ስለ መቆንጠጫው መጻፍ ፈልገው ነበር፤ ቅጹ ላይ ለመቆንጠጫ የሚሆን ባዶ ቦታ የለም። ፈረሙ።

ሐኪሙ መጥቶ በሄደ በሳምንቱ፣ ሰኞ ቀን፣ ባለሚዛኑ ውኃ ሊጠጡ ማድ ቤት ሲገቡ እህታቸው ካሮት እየከተፈች ታለቅሳለች።

«ሽንኩርት ነው እንዳልል ካሮት ነው» አሉ። «ምን ሆነሻል?»

«ድንቢጥን ሊወስዱብኝ ነው።»

«እነማን? ወዴት?»

«ሐሙስ በስምንት ሰዓት መኪና ይመጣል። ወደ ትልቁ ቤት ነው፤ አእምሯቸው ያላደገ ልጆች ወደሚኖሩበት። የሰባት ሰዓት መንገድ ነው፣ ጋሼ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «እዚያ ያሉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አንዲት ሞግዚት ለሃያ ልጅ ናት፤ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ መሸ። ማን ቁጭ ብሎ ያስተምራታል? አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ስኖር ከዚያ ቤት የተመለሰ ልጅ አላየሁም።»

«ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው?»

«ሐኪሙማ ወረቀቱን አነበበ። ትሰማለች፣ ግን የሚነገራት አይገባትም፤ ስለዚህ ችግሩ ከአእምሮ ነው፣ አለ። የተጻፈለትን...» አለችና ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ካሮቷን መልሳ ያዘች። የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ታውቃለች።

ባለሚዛኑ ውኃውን ሳይጠጡ ወጡ። ክፍላቸው ገብተው ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ። ሦስት ከሦስት። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ያቺ ሰማያዊዋን መቆንጠጫ ይዛ ያፈጠጠችባቸው ልጅ አይገባትም የሚለውን ነገር ግን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሊያስታርቁት አልቻሉም።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ በጎ አድራጊ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ላከ። ሠራተኞቹ መጫወቻ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አለበሱት። ልጆቹ አበዱ፤ ይንከባለላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሆን ብለው ይወድቃሉ። ድንቢጥ መሐል ላይ ተቀምጣ መቆንጠጫዋን ትደረድራለች። የሳንቃው መጋጠሚያ ስለተሸፈነባት መስመሩ ጠመመባትና ተናዳለች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ነፋስ ገባና የትልቁን ቁም ሣጥን በር በኃይል ዘጋው። ክፍሉ ተናጋ። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ደነገጡ፣ ትንሹ ማልቀስ ጀመረ፣ ሞግዚቷ «በስመ አብ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

ድንቢጥ ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ቀይ መቆንጠጫ ከሌላ ቀይ አጠገብ አስቀመጠች።

ባለሚዛኑ የያዙትን ጫማ ለቀቁት። ሚዛን ትናንትና ዛሬ የተለያየ ነገር ሲናገር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ተለወጠ? ልጅቷ ያቺው ናት። ሞግዚቷ እንዳለችው በር ሲዘጋ ትዞር ነበር፤ በር ዛሬም ተዘግቷል። የተለወጠው ወለሉ ነው።

ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውንም አወለቁ። የምንጣፉን ጠርዝ ገልጠው ባዶ እግራቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉና ሞግዚቷን «ልጄ፣ እባክሽ የድስቱን ክዳን አምጪና እዚያ ጥግ ሳንቃው ላይ ጣይልኝ» አሏት። ሞግዚቷ ሽማግሌው ምን ነካቸው ብላ እያየቻቸው ጣለችው። ንዝረቱ ከተረከዛቸው ተነሥቶ ጉልበታቸው ድረስ ወጣ። ምንጣፉ ላይ ቆሙ። «ድገሚው።» ጆሯቸው ሰማ፤ እግራቸው ግን ምንም አልነገራቸውም።

ለድንቢጥ ሲነግራት የኖረው ሳንቃው ነበር። በሩ ሲዘጋ፣ ክዳኑ ሲወድቅ፣ ከተቀመጠችበት ከወለሉ ነው የምትቀበለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ሚዛን ሲከሱ የኖሩት ሰው የገዛ ሚዛናቸውን ሳይፈትሹ ልጅ መዘኑበት።

ከሰዓት በኋላ እህታቸውን አስከትለው ፈተናውን ደገሙት። ክዳኑን አየር ላይ አንጠልጥለው በጭልፋ መቱት፤ አፏጩ፤ እህታቸው በስሟ ጠራቻት። ዐሥር ጊዜ። ድንቢጥ ዘወር ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ባለሚዛኑ እሱንም ጻፉት፤ «በስምንተኛው ዞረች። ፀሐይ ከኋላዬ ነበረች፤ ጥላዬ መቆንጠጫው ላይ ወድቆ ነበር።»

«ደንቆሮ ናት ማለት ነው?» አለች እህታቸው፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አራት ዓመት ሙሉ ስንጠራት ስንጮህባት...»

«እኔ አላውቅም። የማውቀው ትሰማለች ብዬ የጻፍኩት ልክ እንዳልሆነ ነው።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ሄጄ ተሳሳትኩ እላለሁ።»

«አንተ?» እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች ሣቀች። «ልጅ ሆነን እንቁላሉን አንተ ሰብረህ ዶሮዋን የከሰስክ ሰው ነህ እኮ!»

«ዶሮዋም ቢሆን ቀልቧን አትሰበስብም ነበር።»

«አየህ? አየህ! በል ሂድ፣ ሂድ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ ያንተስ ዛሬ ገና ሸተተህ።»

ኃላፊዋ ግን ያን ቀን ከቤት ውጭ ነበረች። ያገኟት ረቡዕ ጠዋት ነው። ባለሚዛኑ ሳይቀመጡ ሁሉንም ነገሯት። እሷ መነጽሯን አጥልቃ ቅጹን ከማኅደሩ አወጣችና ፊርማቸው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«በእርስዎ ፊርማ ነው የሄደው። ሐኪሙም ከሥሩ ፈርሟል። እዚያ ቤት ቦታ እስኪገኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ ይህ በዕድል ነው የተገኘው። ነገ መኪናው ባዶውን ከተመለሰ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ዛሬ ደግሞ የተሳሳቱት እርስዎ ቢሆኑስ?»

«ሊሆን ይችላል። መሳሳት እንደምችል ከትናንት ወዲህ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ነው ከኔ የተሻለ መለኪያ ያለው ሰው ይያት የምለው። አትሰማም ብዬ አልፈርምም። የጆሮ ሐኪም ይያት ብዬ ግን እፈርማለሁ።»

ኃላፊዋ ማኅደሩን ዘጋች። «በዓይኔ ልየው» አለች።

መጫወቻ ክፍል ገቡ። ሌሎቹ ልጆች ጥግ ላይ ከሞግዚቷ ጋር ናቸው፤ እህታቸው ከበሩ ላይ ቆማለች። ድንቢጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ኃላፊዋ ፊት ለፊቷ ቆመች። ባለሚዛኑ ከኋላ ሆነው ክዳኑን አየር ላይ በጭልፋ መቱት።

ድንቢጥ ዘወር አለች።

«ዞረች እኮ!» አለች ኃላፊዋ።

ባለሚዛኑ ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ድንቢጥ ዘወር ብላ አየቻቸው። ኃላፊዋ በረዥሙ ተነፈሰች፤ በሩ ላይ ያለችው እህታቸው ዓይኗን ጨፈነች። ባለሚዛኑ ጥላቸውን አዩ፤ ከኋላቸው ወድቋል፣ ልጅቷ ዘንድ አይደርስም። መስኮቱን አዩ፤ ተዘግቷል። ለሦስተኛ ጊዜ መቱት፤ በዚህኛው ግን ልጅቷን ትተው ኃላፊዋን ነበር የሚያዩት። ብረቱ ሲጮህ ኃላፊዋ ዓይኗን እርግብ አደረገችና በድንቢጥ ራስ ላይ አሻግራ ወደ ክዳኑ ተመለከተች። ድንቢጥ ደግሞ ያን ፊት ተከትላ ዞረች።

ባለሚዛኑ ይህን ያውቁታል። ሥጋ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነበር፤ ሚዛኑ ጫፍ ላይ ዐርፋ የምትጫን አውራ ጣት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ጣትዎ ሚዛኑ ላይ ነው።»

«ጣቴ?» ኃላፊዋ እጇን አየች።

«ዓይንዎ ማለቴ ነው። በጮኸ ቁጥር ወደኔ ያያሉ፤ እሷ እርስዎን ታነባለች። ከማናችንም በላይ ሰው ታያለች ይቺ ልጅ። ይምጡና ከኔ ጋር ከኋላዋ ይሁኑ። ፊት ለፊቷ ማንም አይቁም።»

ኃላፊዋ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ባለሚዛኑ ክዳኑንና ጭልፋውን አስረከቧት። መታችው። ድንቢጥ መቆንጠጫ አነሣች። አጠንክራ መታችው። ድንቢጥ መቆንጠጫውን አገላብጣ አየችና ከሰማያዊዎቹ ጋር አኖረችው። ኃላፊዋ ክዳኑን አስቀመጠች። «ድንቢጥ» አለች በቀስታ። «ድንቢጥ!» ከዚያ ያቺ በሥርዓት የምትናገር ሴትዮ አፏን ከፍታ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «ድንቢጥ!» ብላ ጮኸች። ከላይ ፎቅ ልብስ አጣቢዋ እየሮጠች ደረጃውን ወረደች። ሞግዚቷ ተነሥታ ቆመች። ጥግ ላይ ያሉት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ደረቁ።

ድንቢጥ የተሰበረውን መቆንጠጫ ለብቻው አስቀመጠች።

ኃላፊዋ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። «ስትጠራ አልመጣችም ብለን ስንት ጊዜ ጥግ አስቀመጥናት?» አለች።

«እኔ ብቻ ሰባት ጊዜ» አለች ሞግዚቷ፤ ማልቀስ ጀመረች። «ንቀት መስሎኝ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ንቀት መስሎኝ ነው!»

ሐኪሙ በስልክ ሲጠየቅ በጽሑፍ ካልሆነ አላምንም አለ። ባለሚዛኑ የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ጻፉለት። «በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሰጠሁት መልስ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የልጅቷ አይደለም፣ ያነበበውም ሐኪም አይደለም፤ የእኔ ነው። ክዳኑን የጣልኩት ልጅቷ በተቀመጠችበት ሳንቃ ላይ ስለነበረ የተፈተነው ጆሮዋ ሳይሆን ወለሉ ነው።» ከሥሩ የዐሥሩን ፈተና ውጤት፣ የስምንተኛውን ጥላና የኃላፊዋን ዓይን ሳይቀር ዘረዘሩ። «የእኔ» የሚለው ቃል ላይ ቀለም ፈሰሰ። እንደገና ሊገለብጡት አስበው ተዉት። ወረቀቱ ወዲያው በፋክስ ተላከ፤ ከምሳ በኋላ መልስ መጣ። ልጅቷ ወደ ሆስፒታሉ የጆሮ ክፍል ትሂድ፤ እስከዚያ ከቤቱ አትነሣ።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ የእህታቸውን ሾርባ ሁለት ሳሕን ጠጥቶ፣ ባዶውን ተመለሰ። ባለሚዛኑ መኪናው ከጥጉ እስኪታጠፍ ከበር ላይ ቆመው አዩት። ቦታው ለሌላ ልጅ ሄዷል። አሁን ድንቢጥ ጆሮዋ ደኅና ሆኖ ቢገኝ ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር።

ሰኞ እህትና ወንድም ድንቢጥን ይዘው ሄዱ። የጆሮ ክፍሉ ግድግዳ ሁሉ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው። የመስሚያ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ቃል ሳትናገር ድንቢጥ ፊት ባዶ የቆርቆሮ ሣጥንና አንድ ዘንቢል የእንጨት ኩብ አስቀመጠች። ማድመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ድምፅ ስትሰማ አንድ ኩብ ወደ ሣጥኑ እንድትጥል በእጇ አሳየቻት። ድንቢጥ ሁለቴ አይታ ገባት። ባለሚዛኑ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ጉልበታቸው አዘቅዝቀዋል፤ እህታቸውንም በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ዓይንሽን» አሏት።

«ምን አደረገ ደግሞ ዓይኔ?»

«ይናገራል።»

ድንቢጥ ረዥም ጊዜ ምንም አልጣለችም። ከዚያ አንድ ኩብ ጣለች። ጥቂት ቆይታ ሌላ።

«ቀጭን ድምፅ ጨርሶ አትሰማም» አለች ባለሙያዋ ስትጨርስ። «የሰው ንግግር ከሞላ ጎደል አይደርሳትም። ወፍራም ድምፅ ግን በሁለቱም ጆሮ ጥቂት ትሰማለች፤ በሕፃንነቷ ታማ ይሆናል። መሣሪያ ይረዳታል፣ ግን መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። የእጅ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማ አለ፤ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።» ከዚያ ፈገግ አለች። «አእምሮዋን ማን ነው የጠረጠረው? ትልልቅ ልጆች እንኳ ይህን ጨዋታ በሁለት ጊዜ አይይዙትም።»

ባለሚዛኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህታቸው እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ፈጥና «ወረቀቱ ነው የጠረጠራት» አለች።

ባለሙያዋ ለሙከራ የሚሆን መሣሪያ ከመሳቢያ አውጥታ በድንቢጥ ጆሮ ላይ አሰረችና ከፈተችው። ድንቢጥ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በእጇ የቀረ አንድ ኩብ ነበር፤ ወደ ሣጥኑ ጣለችው። ቆርቆሮው ጮኸ። ድንቢጥ ሣጥኑ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ኩቡን አወጣችና መልሳ ጣለችው። አወጣች፤ ጣለች። ከዚያ ከፍ አድርጋ ጣለችው። ወንበሩ ላይ ቆማ ጣለችው። ባለሚዛኑ አሁን ፊታቸውን ቀና አድርገው በግልጽ ያዩ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ ቆጥረው ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ጠፋቸው።

«ዛሬ አንድ ሰዓት ብቻ ታድርገው» አለች ባለሙያዋ። «ነገ ሁለት። ቀስ በቀስ ይሁን።»

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ድንቢጥ መስኮቱ ጥግ፣ ባለሚዛኑ መሐል፣ እህታቸው ዳር።

«ሦስት ወርህ እኮ ሊያልቅ ነው፣ ጋሼ» አለች እህታቸው ወደ ውጭ እያየች። «ሻንጣህን መቼ ላዘጋጅልህ?»

«ያ ትምህርት ቤት ለትልልቅ ሰዎችም የእጅ ቋንቋ ያስተምራል ብላኛለች ባለሙያዋ። ማክሰኞና ዓርብ። በሚቀጥለው ወር ነው የሚጀመረው።»

«እና?»

«ጫማ ከታሰረ በኋላ እጄ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው።»

እህታቸው ክንዳቸውን ያዘች።

አውቶቡሱ እያጓራ ዳገት ሲጀምር ድንቢጥ ፊቷን አጨማደደች። እጇን ወደ ጆሮዋ ልካ መሣሪያውን አወለቀችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ የባለሚዛኑን የኮት ኪስ ከፍታ ወደ ውስጥ ከተተችው፤ ኪሱንም እንዳይወጣ መታ መታ አደረገችው። ግንባሯን የሚንዘፈዘፈው መስኮት ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ባለሚዛኑ ሰዓታቸውን አዩ። «ዐሥር ደቂቃ ይቀራታል» አሉ።

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ» አሉ ባለሚዛኑ፤ የኪሳቸውንም ቁልፍ ቆለፉ። «ዛሬስ ይበቃታል።»